ራስ መነቅነቅ «ገብቶኛል» ማለት አይደለም፦ ለሚጨነቁ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የቡድን ቴራፒ

መስማት የተሳነው ተማሪ ክፍል ውስጥ ራሱን ነቀነቀ ማለት ገባው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ «ይድገሙልኝ» ማለት አፍሮ ነው። ቡድኑን የምትሰበስቡት ይህችን ልማድ ለማስተው ነው።

ከ6 እስከ 8 ልጅ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ዓይን ሁሉንም አይከታተልም። ወንበሮቹን በክብ ደርድሩ። ማንም መስኮት ከኋላው አድርጎ አይቀመጥ፤ ብርሃን ከጀርባ ሲመጣ ፊት ይጨልማል፣ ከንፈርም ምልክትም አይነበብም። አስተርጓሚ ካለ ሁልጊዜ ያው ሰው ይሁን። ስታወሩ ግን ልጁን እዩት፣ ለአስተርጓሚው «እንዲህ በለው» አትበሉ፣ ያስቀይማል።

ንግግር ተራ በተራ ነው። ተናጋሪው እጁን ያወጣል፣ ሁሉም እስኪያዩት ይጠብቃል፣ ከዚያ ይጀምራል። መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፣ ቻሉት። ምስጢር መጠበቅን በደንብ አስረግጡ፤ በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ ሰዎች እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ወሬው ይዞራል ብሎ የሰጋ ልጅ እጁን ከጭኑ ላይ አያነሳም። ዓይን ስለሚደክምም በየ30 ደቂቃው አረፍ በሉ።

«ዓይናችሁን ጨፍኑና በረጅሙ ተንፍሱ» የሚለውን የተለመደ ልምምድ እርሱት። ዓይኑን የጨፈነ ልጅ ምን እንደምትሉ በምን ያውቃል? ዓይኑን ገልጦ፣ እጃችሁ ቀስ ብሎ ሲወጣ አየር ያስገባ፣ ሲወርድ ያስወጣ።

ዋናው ሥራ ትወናው ነው። አንዱ አስተማሪ ይሁንና ወደ ሰሌዳው ዞሮ ያውራ። ሌላው ያስቁመው። ግን «አልገባኝም» ብቻ ብሎ አይቀመጥ፤ ያመለጠውን ለይቶ «ሲዞሩ አላየሁም፣ ፈተናው ሐሙስ ነው ወይስ ዓርብ?» ይበል። ከመጀመሩ በፊት ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 በጣቶቹ ያሳይ፣ ሲጨርስም እንደገና። ቡድኑ ውስጥ ሲቀለው ለጓደኛው ይሞክረው፣ ቀጥሎ እውነተኛው ክፍል ውስጥ። ሲሳካለት እጃችሁን ወደ ላይ አንስታችሁ አርገብግቡለት፣ መስማት ለተሳናቸው ጭብጨባው ያ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ሥራ የያዘ መስማት የተሳነው ትልቅ ሰው ጋብዙ። የእናንተን ስብከት ሁሉ ያስንቃል። እንቅልፍ ያጣ ወይም ራሱን ስለመጉዳት የሚያነሳ ልጅ ካለ ግን ቡድኑ አይበቃውም፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ከባለሙያ ጋር አገናኙት።

በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ የምትጠይቁት «ማን ሞከረ?» ብላችሁ ነው። «ጠየቅኩ፣ ተቆጡኝ» የሚል ከመጣ ምክር አትደርድሩበት። ያንኑ ትዕይንት እዚያው እንደገና ተጫወቱት፣ በዚህኛው ግን አስተማሪው እሱ ይሁን።