«ጓደኛ» ላይ የቆመው ጨዋታ፦ የቃል ጨዋታ ግሩፕ እንዴት ይከፈታል፣ እንዴትስ ይቆያል

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባ ፋርማሲ ውስጥ ነበር የምሠራው። ዛሬም እዚያው ነኝ። ያን ሰሞን ከሥራ ስገባ ልብሴን በር ላይ አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ፣ ለብቻዬ ጓዳ ውስጥ እተኛ ነበር። እናቴን እንዳላስይዛት ፈርቼ ነው። አንድ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቴሌግራም «ሰላም» ብላ ጻፈችልኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ልጅ ሆነን እንደምንጫወተው «መስከረም» ብዬ መለስኩላት። ወዲያው ገባት። «ማር» አለች። «ራስ» አልኩ። እስከ እኩለ ሌሊት ቀጠልን። በሳምንቱ 5 ሆንን። አሁን 11 ነን፤ የምንጠራራውም በምንኖርበት ከተማ ስም ነው።

ብዙ ሰው «እኛም ከፍተን ነበር፣ ወር ሳይሞላው ሞተ» ይለኛል። እኛ እንዴት እንዳቆየነው ልንገራችሁ።

ጨዋታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያለፈው ሰው ቃል ባለቀበት ፊደል የሚጀምር ቃል ትጽፋላችሁ። ተራ የለም፤ አንድ ሰው ግን ሁለት ጊዜ በተከታታይ አይጽፍም። ማታ የቀረው ቃል ጠዋት ይቀጥላል። በቃ ይኸው ነው።

ሕጉን ቀድማችሁ ጨርሱ

ጭቅጭቅ የሚመጣው ከፊደሉ ነው። መጀመሪያ ላይ ፊደሏ ራሷ ካልሆነች አንቀበልም ብለን ነበር። «በርበሬ» ከተባለ በ«ሬ» መጀመር ግድ ነው። «ሬዲዮ» ተባለ። በሌላ ዙር «ሬት» ተባለ። ሦስተኛውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በዚያ ሰሞን ግን ማንም ሊጽፈው አልፈለገም። ስለዚህ ሕጉን አላላነው። አሁን የፊደሉ ቤት ከገጠመ ይበቃል። በ«ሬ» ላለቀ ቃል ከ«ረ» እስከ «ሮ» በፈለጋችሁት ጀምሩ።

ስም ብቻ ይሁን፣ ያውም ነጠላ። ብዙ ቁጥር ከፈቀዳችሁ ሰው ሁሉ በ«ች» እየጨረሰ ቀጣዩን ማስጨነቅ ይጀምራል። የተጸውዖ ስም አይገባም። የውጭ ቃል ይግባ፤ «ሳይክል»ም «ፓስታ»ም የእኛው ሆነዋል። በ«ት» የሚያልቅ ቃል ስለሚበዛ «ተልባ»ን፣ «ታንኳ»ን፣ «ትሪ»ን ለክፉ ቀን ያዙ። አንድ ቀን የተጻፈ ቃል በዚያው ቀን አይደገም።

ሞክሼዎቹን ምን እናድርጋቸው? ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ አንድ ቁጠሩ። ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀንም እንዲሁ። «ንጉሥ» ላለ ሰው «ሳሙና» ብሎ መመለስ ይቻላል። ይህን ስንወስን ጋሼ ባሕር ዳር ቅር ብሏቸው ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ለእሳቸው እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ ሁለት ሁለት ናቸው፤ አንድ ማለት አይዋጥላቸውም። አስታራቂ ሐሳብ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ለጨዋታው አንድ ይሁን፤ የተሳሳተ ካለ እሳቸው ከሥር ያርማሉ። አሁን አንድ ሰው «ሃይቅ» ብሎ ሲጽፍ «ሐመሩ ሐ ነው፣ ልጄ» የሚል መልስ ይመጣል። ሁልጊዜ «ልጄ» አለበት። ለዚህ ነው ማንንም ከፍቶት የማያውቀው። አራሚ ካላችሁ እንዲህ ያለ ሰው ይሁን።

«እንዲህ የሚባል ቃል የለም» ተብሎ ክርክር ሲነሳም ጋሼ ዘንድ ነው የምንሄደው። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት አላቸው፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው። ገጹን ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ቅደም ተከተሉ በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ስለሆነ እስኪያገኙት ትንሽ ይቆያሉ፣ እኛም እንጠብቃለን። መዝገቡ ላይ ባይኖርም ቃሉን ያመጣው ሰው በአገሩ ይባል እንደነበር ካስረዳ እንቀበላለን። ደሴ ያለችው ልጅ የወሎ ቃል ስታመጣ ግማሹን ከእሷ ነው የተማርኩት።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበውም ነበር። አንድ ማታ ፍራንክፈርት «ጓደኛ» ብላ ጻፈች። ሁላችንም ስልካችን ላይ አፍጥጠን ቀረን። በ«ኘ» ቤት የሚጀምር ቃል ብንፈልግ ብንፈልግ ከድመቷ «ኛው» ሌላ አጣን። «ዳኛ»ም «እረኛ»ም እንዲሁ ያስቆማሉ። ጨዋታው «ጓደኛ» ላይ ሁለት ቀን ቆመ። የፈቱት እትዬ ደብረ ብርሃን ናቸው። «ኘ ከነ ነው የወጣችው፤ ወደ እናቷ ትመለስ» አሉና «ነጠላ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ነው። ኘ ወደ ነ፣ ዠ ወደ ዘ ትመለሳለች። ይህንን ከመጀመሪያው ሕጋችሁ ውስጥ አስገቡት።

ሕጉን ጽፋችሁ ፒን አድርጉት። ከስምንት መስመር አይብለጥ። ከበለጠ ማንም አያነበውም።

ስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት

ቴሌግራም አንድ ግሩፕ ውስጥ እስከ 200,000 ሰው ያስገባል። እናንተ 12 ላይ ዝጉት። ከዚያ ከበለጠ ማን እንደጠፋ አታውቁም። አዲስ ሰው የሚገባው ሁሉም እሺ ሲሉ ነው።

ሰዓት ሲቀጠር የማን ሰዓት እንደሆነ ይነገር። «ማታ በ3 እንገናኝ» ስል ሲልቨር ስፕሪንግ በራሷ ሰዓት መስሏት፣ በመጣች ጊዜ እኛ ጨርሰን ተኝተናል። የእኛ ምሽት 3 ሰዓት እሷ ዘንድ በበጋቸው ከቀኑ 2፣ በክረምታቸው 1 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ሪያድ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ናት። ነታንያ በበጋቸው እኩል ነው፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህንንም ፒን አድርጉት።

የሰውንም ቀን እወቁ። ሐሙስ ማታ ከፊደሉ ወጥተን እንቆቅልሽ እንጫወታለን። ድሮ ዓርብ ነበር፤ ነታንያ ሰንበት ስለሚገባበትና ስልክ ስለማይነካ ወደ ሐሙስ አዞርነው። በረመዳን ደግሞ ደሴ ተራዊሕ ላይ ስለምትሆን ጨዋታውን ወደ 4 ሰዓት እንገፋለን። ማንም አልጠየቀንም፤ አይተን ነው። ሐሙስ ሐሙስ እትዬ በድምፅ «እንቆቅልሽ!» ሲሉ «ምን አውቅልዎት!» እንላለን። ላልመለሰ ሰው አገር መስጠት ግድ ነው፣ የሚሰጠው ግን የሚኖርበትን ከተማ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን አራት ጊዜ ወስደዋታል።

እንዳያችሁት በስም ብዙ አንጠራራም። «ሪያድ፣ ነይ እንጂ» ነው የሚባለው። ታላላቆቻችን ጋሼና እትዬ ናቸው፣ አንቱም ይባላሉ። ጨዋታ ነው ተብሎ አንተ አይባሉም።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅም ትጫወታለች። 13 ዓመቷ ነው። በላቲን ፊደል ካልጻፍኩ ብላ ነበር፣ ጂቦርድ ላይ አማርኛ ጫንንላትና ፊደሉን እየለቀመች ጀመረች። «እንጀራ»ን ለመጻፍ ደቂቃዎች ይፈጅባት ነበር። ያን ጊዜ ማንም አይቀድማትም። ሕግ አይደለም፣ ግን «እየጻፈች ነው» የሚለውን ካየን እጃችንን እንሰበስባለን። ልጅ ካላችሁ ይህንን አድርጉ። ቋንቋው በሌላ መንገድ የገባ እንደሁ አላውቅም፣ ለእሷ የገባው እንዲህ ነው።

ሰው ሲጠፋ

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት።

ሁለት ቀን አንድ ቃል ያልጻፈ ሰው ይደወልለታል። ግሩፑ ላይ «የት ጠፋሽ?» ተብሎ አይጻፍም፣ ይደወላል። ይህንን ሕግ ያወጣነው ሪያድ ከጠፋች በኋላ ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ ነው የምትሠራው። ሥራዋን ጨርሳ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ትጫወታለች፣ ቃሎቿም «ሙቀጫ»፣ «ጨው»፣ «ወንፊት» ናቸው። ሦስት ቀን ዝም ስትል ሥራ በዝቶባት ነው አልን። በአራተኛው ስንደውል አይነሳም። የማንንም ሌላ ቁጥር አልያዝንም ነበር። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። የነታንያ የሚስቱ እህት ሪያድ ትኖር ኖሮ፣ ሰው በሰው ስትጠይቅ ትርፍ አንጀት ይዟት ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ተኝታ አገኘቻት። ስልኳ ቻርጅ ጨርሶ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አጥሚት ሠርታ ወሰደችላት። አይታት አታውቅም።

በማግስቱ ሁላችንም በአቅራቢያችን ያለ የአንድ ሰው ሁለተኛ ስልክ ቁጥር ሰጠን። ዝርዝሩን እኔ ጋ ወረቀት ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ፣ ግሩፑ ላይ አልተለጠፈም። ግሩፕ በከፈታችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ይህንን አድርጉ። እኛ ዘግይተን ነው ያደረግነው።

ገንዘብ ግሩፑ ላይ አይጠየቅም። መዋጮ ካስፈለገ አንድ ሰው ለየብቻ ይደውላል፣ ማን ስንት እንደሰጠም አይነገርም። ፎርዋርድ የተደረገ ነገር አይገባም፣ ዜናም ቢሆን።

ሲጣሉ

በ2013 ጦርነቱ ሲጀመር ልንበተን ትንሽ ቀርቶን ነበር። ከሁሉም አቅጣጫ ነን። አንድ ማታ አንዱ ሰው ሌላውን ለመውጋት አንድ ቃል ጻፈ። ፊደሉ ገጥሟል። ቃሉን እዚህ አልደግመውም። የተጻፈበት ሰው ምንም ሳይል ወጣ። እኔ ቃሉን ሰረዝኩና ለሁለቱም በየተራ ደወልኩ። ግሩፑ ላይ ምክር ብጽፍ ኖሮ ሁለቱንም አጣ ነበር። የጻፈው ይቅርታ ለማለት ጊዜ ወሰደበት። የወጣው ለመመለስ 7 ወር ፈጀበት። በእነዚያ ወራት በየሁለት ሳምንቱ እደውልለት ነበር፣ ስለ ግሩፑ ግን አላነሳበትም። ስለ ልጆቹ ነበር የምናወራው። አንድ ቀን ራሱ «አሁን ምን ላይ ደርሳችኋል?» አለኝ። «ዘንቢል» አልኩት። «ሎሚ» አለና ሳቀ። ማታውን መልሼ አስገባሁት።

ለቅሶ ሲመጣ

ሰው ሲሞትበት ጨዋታው ይቆማል። ስንት ቀን የሚለውን እናንተ አትወስኑ፣ ሐዘንተኛው ይወስናል። የፍራንክፈርት እናት እዚህ አዲስ አበባ ባረፉ ጊዜ አውሮፕላን አግኝታ ለቀብር አልደረሰችም። እዚህ ያለነው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን፣ እትዬ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ መጡ። ውጭ ያሉት በየተራ ደወሉላት። በተራ ይሁን፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይደውልና በሳምንቱ ማንም አይደውልም። ማን በየትኛው ቀን እንደሚደውል ጽፈን ነበር።

ጨዋታው የቆመው ሪያድ የጻፈችው «ወንፊት» ላይ ነው። አሥራ ሁለት ቀን እንደዚያው ቆየ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማታ፣ ሁላችንም ልንተኛ ስንል፣ ስልኬ ጮኸ። ፍራንክፈርት ናት። «ትሪ» ብላ ጽፋለች። ሌላ ምንም የለም።

ሐዘኑን በስልክና በድንኳኑ ተወጥተነዋልና ግሩፑ ላይ ማንም አልጨመረበትም። ልጅቷ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጻፍ ጀመረች። ጠበቅናት። «ራት» አለች። ጋሼ «ተልባ» አሉ።