በጣና ዳር ስለ ውሃ የሚሠሩ ስህተቶች

በባሕር ዳር ግቢዎች የሚቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶችን በመመርመር ሥራዬ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፤ «ጣናን የሚያህል ሐይቅ ደጃችን ተኝቶ ሳለ ስለ ውሃ ለምን እንጨነቃለን?» የሚል ነው። የብዙዎቹ ስህተቶች መነሻ ይኸው ነው። በምድር ላይ ካለው ውሃ 97.5 በመቶ ያህሉ ጨዋማ ሲሆን፣ ጨዋማ ካልሆነው ውስጥም ከግማሽ በላዩ በበረዶ ግግር ተይዟል፤ ከተረፈው አብዛኛው ከርሰ ምድር ውስጥ ስለሚገኝ ሐይቆችና ወንዞች የሚይዙት እጅግ ጥቂቱን ነው። ጣናም ቢሆን 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይስፋ እንጂ ጥልቅ በሚባለው ስፍራው እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ፀሐይም በየዓመቱ ከ1.5 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ውሃ ከላዩ ታተናለች።

የተነነው መልሶ በክረምት ይዘንብልናል ብሎ መጽናናትም አይገባም፤ የክረምታችንን ዝናብ የሚያመጣው እርጥበት በአብዛኛው ከሩቅ ባሕሮችና ከመካከለኛው አፍሪካ በነፋስ ተጉዞ የሚደርስ ነው።

የሐይቁን ዳር ደንገል መንጥሮ ማረስ ሌላው ጥፋት ነው። ጎርፍ ከማሳ ጠርጎ የሚያመጣውን ደለልና የማዳበሪያ ቅሪት የሚያስቀረው ደንገሉ ነው፤ እምቦጭ የሚፋፋውም በዚሁ ቅሪት ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚያንገበግበኝ ግን የውሃ ጉድጓድን ከመጸዳጃ ቤት አጠገብ መቆፈር ነው። በከተማችን በብዙ ሰፈሮች ከአፈሩ ሥር የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ የተሰነጣጠቀና ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ፍሳሽን ሳያጣራ ያሳልፋል። በዚህ ላይ ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ስለሚል የመጸዳጃው ጉድጓድ ወለል በውሃ ይዋጣል፤ በበጋ ደህና የነበረ ጉድጓድ በነሐሴ የሚበከለውም ስለዚህ ነው። ቢያንስ 30 ሜትር አርቁ፣ የውሃውን ጉድጓድ ከዳገቱ በኩል አድርጉ ብንልም፣ ብዙ ሰው የሚለካው እስከ ራሱ መጸዳጃ ቤት ብቻ ነው። አንድ ቤተሰብ የራሱን አርቆ በጥንቃቄ ቢሠራም የጎረቤቱ መጸዳጃ ቤት ከአጥሩ ማዶ፣ ያውም ከዳገቱ በኩል ነበር። የቤቱ እናት በብርጭቆ ቀድተው «ልጄ፣ ቅመሰው እንጂ! ጠበል አይመስልም?» አሉኝ። ውሃው በእርግጥ ጥርት ያለና ቀዝቃዛ ነበር፤ ምርመራው ግን ከዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ አገኘበት። ዓይንም ምላስም ይህን አይለዩም። እባካችሁ፣ ቆፋሪ ከመጥራታችሁ በፊት የጎረቤቶቻችሁን በር አንኳኩና መጸዳጃቸው የት እንደሆነ ጠይቁ።

«አፍልተን እንጠጣዋለን» የሚለውም መልስ ግማሽ እውነት ነው። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ ከመጸዳጃና ከማዳበሪያ የሚመጣውን ናይትሬት ግን አያስወግድም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ክምችቱ ይጨምራል። በእንዲህ ያለ ውሃ የሕፃን ዱቄት ወተት መበጥበጥ አደገኛ ነው።

ዝናብን ከቆርቆሮ ጣራ ማጠራቀም መልካም ሆኖ ሳለ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ መቀበል ግን በጋውን ሙሉ የተከማቸውን አቧራና የወፍ ኩስ ወደ በርሜል ማስገባት ነው። አሸንዳውን አዙራችሁ የመጀመሪያው ውሃ ጣራውን አጥቦ እስኪያልፍ አፍስሱት፤ ከዚያ በኋላ በርሜሉን ሙሉና ትንኝ እንዳይፈለፈልበት ክደኑት።