የሎርድሱን ፍጻሜ በእርሳስ መመዝገብ

ክሪኬት ለመልመድ የሚሻለው መንገድ የሕጉን መጽሐፍ ማገላበጥ ሳይሆን አንድ ጨዋታ መርጦ ኳስ በኳስ መመዝገብ ነው። ለዚህ የሚሆን ጨዋታ እንደ 2019ኙ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አይገኝም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2019 ለንደን ውስጥ በሎርድስ ሜዳ እንግሊዝና ኒውዚላንድ ሲጋጠሙ፣ ጀማሪ መዝጋቢ የሚሳሳትባቸው ነገሮች አብዛኞቹ መጨረሻው ላይ ተከታትለው መጡ። ቪዲዮውን ማቆምና ወደ ኋላ መመለስ ስለሚቻል አትቸኩሉ።

ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ያዙ። እስክሪብቶ አይሆንም። ወረቀቱን በሦስት ክፈሉት፤ አንዱ ለመቺዎች፣ አንዱ ለቦውለሮች (ኳስ ወርዋሪዎች)፣ አንዱ ለትርፍ ራኖች (ራን ውጤት የሚቆጠርበት ነው፤ ትርፍ የሚባለው በዱላ ሳይመታ የተገኘው)። ከታች ደግሞ ጠቅላላ ድምሩ እያደገ የሚጻፍበት ቦታ ተዉ።

ሁለቱ መቺዎች ቦታ ተለዋውጠው ከዳር ዳር ከደረሱ አንድ ራን ነው። ኳሱ መሬት ነክቶ ድንበሩን ካለፈ 4፣ መሬት ሳይነካ ካለፈ 6። አንድ ኦቨር ስድስት ሕጋዊ ኳስ ነው፤ በዚህ ውድድር እያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር ይመታል፣ አንድ ቦውለር ከ10 በላይ አይወረውርም። ኒውዚላንድ ቀድማ መትታ 241/8 አስመዘገበች፤ 241 ራን አግኝታ 8 መቺ ከጨዋታ ወጣባት ማለት ነው። የእንግሊዝ ግብ እንግዲህ 242 ነበር።

ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው። ራን ያልተገኘበት ኳስ ነጥብ (•) ይደረግበታል። ዋይድ (ከመቺው ርቆ የተወረወረ ኳስ) የመደመር ምልክት፣ ኖ ቦል (ሕግ ተጥሶ የተወረወረ ኳስ) ክብ ነው። ባይ (ኳሱ ዱላውንም መቺውንም ሳይነካ አልፎ የተገኘ ራን) ጫፉ ወደ ላይ፣ ሌግ ባይ (ኳሱ የመቺውን አካል ነክቶ የተገኘ ራን) ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው። በዱላ የተገኘ ራን በመቺውም፣ በቦውለሩም፣ በድምሩም ላይ ይጻፋል። ዋይድ በቦውለሩ ላይ ይቆጠራል እንጂ ለመቺው አይሰጥም። ባይና ሌግ ባይ ግን ትርፍ ራኖች ውስጥ ብቻ ይገባሉ፤ ቦውለሩን አያስጠይቁም። ብዙ ወረቀት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ 48.4 ሂዱ። ይህ አስርዮሽ ቁጥር አይደለም፤ የ49ኛው ኦቨር አራተኛ ኳስ ነው። በአንድ ኦቨር ስንት ራን እንደተገኘ ለማስላት ለ48.4 የሚያካፍል ይሳሳታል፤ ትክክለኛው 48 ከ4/6፣ ማለትም 48.67 ገደማ ነው። በዚህ ኳስ የእንግሊዙ ቤን ስቶክስ ከፍ አድርጎ መታ፣ የኒውዚላንዱ ትሬንት ቦልት መሬት ሳይነካ ያዘው፤ ይህ መቺውን ያስወጣ ነበር፣ ግን ኳሱ በእጁ እንዳለ የድንበሩን ገመድ ረገጠ። ስለዚህ መቺው አልወጣም፤ የሚጻፈው 6 ነው።

የመጨረሻው ኦቨር ሲጀመር እንግሊዝ 227/8 ላይ ነበረች፤ በ6 ኳስ 15 ያስፈልጋታል። ቦውለሩ ቦልት፣ መቺው ስቶክስ። ሁለቱን የመጀመሪያ ኳሶች ነጥብ አድርጉ፤ ሦስተኛው 6። አራተኛው ኳስ ላይ ቪዲዮውን አቁሙት። ስቶክስ ሁለተኛውን ራን ለመጨረስ ሲወረወር፣ ማርቲን ጉፕቲል ከሜዳው የላከው ኳስ ዱላውን ነክቶ ወደ ድንበር ሄደ። ዳኞቹ 2 ሲደመር 4፣ በድምሩ 6 ሰጡ። በሕግ 19.8 መሠረት ግን በመሮጥ ላይ ያለው ራን የሚቆጠረው፣ ኳሱ ከሜዳው በተወረወረባት ቅጽበት መቺዎቹ እርስ በርስ ተላልፈው ከሆነ ነው። ጉፕቲል ሲወረውር አልተላለፉም ነበር፤ ስለዚህ 5 መሆን ነበረበት፣ ቀጣዩን ኳስ የሚቀበለውም ስቶክስ ሳይሆን አዲል ራሺድ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ ኩማር ዳርማሴና ስህተቱን ኋላ ላይ አምኗል። ያም ሆኖ እናንተ 6 ጻፉ፤ መዝጋቢ የዳኛውን ምልክት ይጽፋል እንጂ አይፈርድም።

አምስተኛውና ስድስተኛው ኳስ ላይ 1፣ 1 ጻፉ። በሁለቱም መቺዎቹ ሁለተኛ ራን ሲሞክሩ አንዳቸው በሩጫ ወጣ (ዳር ሳይደርስ ኳሱ ቀደመው)፤ መጀመሪያ ራሺድ፣ ቀጥሎ ማርክ ዉድ። የተጠናቀቀው አንድ ራን ይቆጠራል፣ ያልተጠናቀቀው አይቆጠርም። በሩጫ መውጣት ለቦውለሩ ዊኬት (እሱ እንዳስወጣው መቺ) አይሆንለትም፤ በዚያ ኦቨር ሁለት መቺ ወጥቶም የቦልት መዝገብ 10-0-67-0 የሆነው ለዚህ ነው (ኦቨር፣ ራን ያልሰጠበት ኦቨር፣ የሰጠው ራን፣ ዊኬት)።

ኦቨሩ 14 ሰጥቷል፤ እንግሊዝም 241። ድምሩን ሳትፈትሹ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። የመቺዎቹ ራን 224 ነው፣ ከእሱ ውስጥ ሳይወጣ የቀረው ስቶክስ ብቻውን 84 አለው። ትርፉ 17 ሲጨመር 241። በሌላ በኩል ቦውለሮቹ የሰጡት 236፣ ባይ 2 እና ሌግ ባይ 3 ሲደመሩበት እንደገና 241። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ሌግ ባይን ለመቺው የሰጠ እጅ ነው።

ውጤቱ እኩል ስለሆነ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ተጨማሪ ኦቨር መታ፤ ይህ ሱፐር ኦቨር በሌላ ወረቀት ይመዘገባል፤ የዋናው ድምር ውስጥ አይገባም። እንግሊዝ፦ 3፣ 1፣ 4፣ 1፣ 2፣ 4፤ ድምሩ 15። ኒውዚላንድ ስትመታ ጆፍራ አርቸር በዋይድ ጀመረ፣ ከዚያ 2፣ 6፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1። ሰባት ምልክት ካያችሁ አትደንግጡ፤ ዋይዱ ከስድስቱ ኳስ አይቆጠርም። በመጨረሻው ኳስ ጉፕቲል ሁለተኛውን ራን ሲሮጥ ጄሰን ሮይ የላከውን ኳስ ጆስ በትለር ተቀብሎ አስወጣው፤ 15/1።

ዳግም እኩል። ዋንጫው የተሰጠው በድንበር ምት ብዛት ሲሆን እንግሊዝ 26፣ ኒውዚላንድ 17 ነበራቸው። በሩጫ ያገኙትንና በድንበር ያገኙትን ራን እኩል ዋጋ የሚሰጥ ጨዋታ አሸናፊውን እንዲህ መለየቱ አሳማኝ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት በኦክቶበር 2019 ደንቡን ሰርዞ፣ በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ አሸናፊ እስኪገኝ ሱፐር ኦቨሩ እንዲደገም ወስኗል፤ አዲስ ፍጻሜ ስትመዘግቡ ትርፍ ወረቀት አጠገባችሁ ይኑር።