ኮሮን፦ የሰመጡ የጦርነት መርከቦችን ጠልቆ ለማየት ከየት ይጀመራል?

ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ይህን እወቁ፤ ኮሮን ከተማ ያለችው ኮሮን ደሴት ላይ አይደለም። ከተማዋ ቡሱዋንጋ የምትባል ደሴት ላይ ናት። ኮሮን ደሴት ፊት ለፊቷ ያለችው፣ ገደል ብቻ የሆነችው ናት። ሁለቱም ፊሊፒንስ፣ ፓላዋን ውስጥ ናቸው። ከማኒላ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያው ፓላዋን ካለችው ከኤል ኒዶ ከተማ በፈጣን ጀልባም ይመጣል፣ ባሕሩ የተቆጣ ቀን ግን አንጀት ይገለብጣል። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡና አውሎ ነፋሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1944 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች እዚህ ደሴቶች መሀል ተጠልለው የነበሩ የጃፓን ስንቅና ነዳጅ አመላላሽ መርከቦችን ድንገት ደረሱባቸውና አሰመጧቸው። እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። አብዛኞቹ ያረፉት ከ40 ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ስለሆነ እንደኛ ያለ ተራ ጠላቂም ያያቸዋል።

ዋና የማትችሉ ከሆነ መጀመሪያ ዋና ተማሩ፣ ይህ አይታለፍም። ከዚያ «ኦፕን ዋተር» የሚባለው የጀማሪ ኮርስ አለ፤ እስከ 18 ሜትር ያስወርዳል። ይህንን ሌላ ቦታ ጨርሳችሁ ብትመጡ ይሻላል፣ አለበለዚያ የእረፍት ቀናችሁ በትምህርት ያልቃል። ቀጣዩን፣ ማለትም እስከ 30 ሜትር የሚያስወርደውን «አድቫንስድ»ን ግን ኮሮን ላይ ውሰዱት፤ ልምምዱን እዚያው መርከቦቹ ላይ ትሠሩታላችሁ። በነገራችን ላይ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው፣ ብዙ ሰው እንደሚለው ኦክስጅን አይደለም። ይሄው የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ተጨምቆ የተሞላ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰው እንደደረሰ «ኢራኮ ውሰዱኝ» ይላል፣ ስሙን ስለሰማ። ተረጋጉ። ኢራኮ ለጃፓን መርከቦች ምግብ ታቀርብ የነበረች ትልቅ መርከብ ናት፣ ያረፈችበት የባሕር ወለል ከ40 ሜትር ያልፋል። እዚያ ጥልቀት ላይ አየር ቶሎ ያልቃል፣ ናይትሮጅኑም ጭንቅላት ያደነዝዛል። በሉሶንግ ጀምሩ። ትንሽ ጀልባ ናት፣ ጫፏ ውሃው ላይ ሊወጣ ምንም አይቀረው፣ በስኖርክል ብቻም፣ ማለትም ላዩ ላይ ተንሳፋችሁ በቱቦ እየተነፈሳችሁ፣ ትታያለች። ቀጥሎ ኢስት ታንጋት የምትባለዋ ሌላ ትንሽ መርከብ፣ ከዚያ ነዳጅ ጫኟ ኦኪካዋ ማሩ። ኦኪካዋ ከ160 ሜትር በላይ ትረዝማለች፣ የላይኛው ወለሏ ኮራል ለብሷል፣ ለእኔ ከሁሉም ቆንጆዋ እሷ ናት። ኮግዮ ማሩ በጎኗ ተኝታለች፤ ውስጧ እንደ ድንጋይ የደረቁ የሲሚንቶ ከረጢቶችና ቡልዶዘር አለ። መርከብ በጎኑ ሲተኛ ወለሉ ግድግዳ፣ ግድግዳው ጣሪያ ይሆንና ወዴት እንደምትሄዱ ይጠፋባችኋል፣ ስለዚህ ገና የምትማሩ ከሆነ ከውጭ ዙሯት። ኢራኮንና የባሕር አውሮፕላን ታገለግል የነበረችውን አኪትሱሺማን ለመጨረሻ አቆዩ።

ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሻርክ ነው። ሻርኩን ተዉት፣ የሚያስፈራው ደለሉ ነው። መርከቦቹ ውስጥ ለሰማንያ ዓመት የተጠራቀመ ደቃቅ ጭቃ አለ፤ አንዴ በእግራችሁ ወደ ታች ከረገጣችሁት በሰከንዶች ውስጥ እጃችሁን እንኳ አታዩም። እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን እየከፈታችሁ ቅዘፉ። ባትሪ ሁለት ያዙ። የአየራችሁን አንድ ሦስተኛ ለመግባት፣ አንድ ሦስተኛ ለመውጣት ተጠቀሙ፣ የቀረውን አትንኩት። በመርከብ ውስጥ የመጥለቅ ሥልጠና ካልወሰዳችሁ ደግሞ የመውጫው ብርሃን ወደማይታይበት ክፍል አትግቡ፣ ጋይዱ «ግዴለም፣ ና» ቢልም እንኳ። «አይ» በሉት።

ምንም ነገር አትደግፉ። ዝገቱ ይቆርጣል፣ ድንጋይ የመሰላችሁ ነገር መርዛም አሳ ሊሆን ይችላል። ሳህንም ሆነ ጠርሙስ ይዞ መውጣት አይሞከርም፤ ሰው የሞተባቸው መርከቦች ናቸው።

ጀልባው እስከ መርከቦቹ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ቀኑ ሙሉ ባሕር ላይ ያልቃል። ውሃ በደንብ ጠጡ። ማታ ሁሉም ሰው ማኪኒት ወደሚባለው ፍልውሃ ይሮጣል፣ እናንተ ግን ከመጥለቅ እንደወጣችሁ ፍልውሃ አትግቡ፤ ሙቀቱ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን አረፋ ሊያደርገው ይችላል። ለሌላ ቀን አቆዩት።

የመመለሻ ትኬት ስትቆርጡ ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቃችሁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ይኑር፣ ሙሉ ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ አውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊቱ ሲቀንስ ያው ናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ይችላል። ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ይህ አውሮፕላን ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ብዙም አይለይም። ብታርፉም ሰውነታችሁ አሁንም በረራ ላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቀን ደረጃውን ወጥታችሁ ካያንጋን ሐይቅን እዩ፣ ያን የተውነውን ፍልውሃም ያኔ ግቡ።