ልብሱን የቀየረ ቮልስ፦ ለካርማን ጊያ ዕቃ አመራረጥ

የተበታተነ ካርማን ጊያ ይዞ ለተቸገረ ሰው የመጀመሪያው ምክሬ፣ መኪናውን ልብሱን እንደቀየረ ቮልስ ይቁጠረው ነው። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1955 ሲያወጣው አዲስ ሻንሲ አልሠራለትም፤ የቮልሱን ወለል ግራና ቀኝ አስፍቶ ሌላ አካል ጫነበት። የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት በሁለቱም 2400 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የሞተርና የካምቢዮ ዕቃ ከቮልስ ይፈልጉ። የወለል ላሜራ ግን አይግዙ፤ ይጠብዎታል።

ከዚያ የኋላውን መቀመጫ አንሥተው፣ ከሥሩ በሻንሲው ወገብ ላይ የተመታውን ቁጥር ያንብቡ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቱን ይናገራሉ፤ 11 ከሆነ ቮልስ፣ 14 ከሆነ ካርማን ጊያ ነው። ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው።

ይህን አሃዝ አይናቁ፤ ዓመት ከስም ይበልጣል። እኔ ንቄው ባለአራት ቦሎን ቸርኬ ገዛሁ፤ የ1965 መኪናዬ የሚፈልገው ባለአምስት ነበር። ለወራት ግድግዳ ተደግፎ ሲያፌዝብኝ ከረመ።

ከቸርኬ የባሰው ቮላኖ፣ ማለትም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ባለጥርስ ክብ ብረት ነው፤ ሞተር ካልወረደ አይታይማ። የባለ6 ቮልቱ 109 ጥርስ፣ የባለ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው። ጥርሱን ቆጥረው፣ ሞተሪኖውን ከእርሱ ጋር የሚሄድ ይምረጡ።

1302 እና 1303 የተባሉት የቮልስ ሞዴሎች የፊት እግር ከቀረበልዎ፣ በነጻም ቢሆን አይውሰዱ፤ ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ የቆሙበት የማክፈርሰን ሥሪት ስለሆነ ከካርማን ጊያ ሻንሲ ጋር አይገጥምም።