ማስተር ሜሰን የሆነ የጅማ ሰው ሁለተኛ ኦርደር እንዴት ይገባል?

ጅማ ላይ የፍሪሜሰን (በዲግሪ የሚሠራ የወንድማማች ማኅበር) ወሬ ከተነሳ ወዲያው «33ኛው ዲግሪ» ላይ ይወጣል። ይህ ጽሑፍ የወሬውን ጉዳይ ትቶ አሠራሩን ነው የሚያየው። የተጻፈው ለንደን፣ ዋሽንግተን ወይም ናይሮቢ ሳለ ሎጅ (የፍሪሜሰኖች የአካባቢ ማኅበር) ገብቶ አሁን ጅማ ለሚኖር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ዘመድ ኖሮት ነገሩን መረዳት ለሚፈልግም ይሆናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝ። መሠረታዊው ፍሪሜሰንነት ሦስት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ማስተር ሜሰን ይባላል። ኦርደር የሚባሉት ማስተር ሜሰን የሆነ ሰው በተጨማሪ የሚገባባቸው ማኅበራት ከጎን የቆሙ ናቸው። የሰፈር እድር ያለው ሰው የመሥሪያ ቤት እድርም ሊገባ ይችላል፤ የሁለተኛው እድር ዳኛ ግን በሰፈሩ እድር ላይ አያዝም። እዚህም እንዲሁ ነው። 33ኛው ዲግሪ ራሱ ከነዚህ ኦርደሮች አንዱ የሆነው የስኮቲሽ ራይት የክብር ማዕረግ ነው፤ ማመልከቻ አይገባበትም፣ ያለውም ሰው በሎጁ ሊቀመንበር ላይ ሥልጣን የለውም።

1. ወረቀትዎን ያስተካክሉ

የማስተር ሜሰን ምስክር ወረቀትና የዓመት መዋጮ የከፈሉበት ደረሰኝ ያስፈልግዎታል። ከሎጅዎ ለቀው ከሆነ ከዕዳ ነፃ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከጸሐፊው ያስጽፉ። ውዝፍ ካለብዎት መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ፤ አለበለዚያ ማንም ማመልከቻዎን አያይም።

ሎጅዎ በማን ሥር እንዳለም ይመልከቱ። ብዙ የፈረንሳይ ሎጆች በሥሩ ያሉት የፈረንሳይ ግራንድ ኦሪየንት በ1877 እ.ኤ.አ. በአምላክ ማመንን ከግዴታ ካወጣ ወዲህ የእንግሊዝ ሎጆች የበላይ አካል የሆነው ግራንድ ሎጅ አይቀበለውም። ስለዚህ በፈረንሳዩ ሥር የገባ ሰው በእንግሊዙ ወገን ያለ ኦርደር በር ላይ ይመለሳል።

2. የትኛው እንደሚፈቀድልዎ ይለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በስሙና በልብሱ ይመርጣልና። እኔ ብሆን መስፈርቱን አስቀድማለሁ።

በእንግሊዝ ሥርዓት የመጀመሪያው ተፈጥሯዊ እርምጃ ሮያል አርች ነው። ማስተር ሜሰን ከሆኑ 4 ሳምንት ካለፈዎት ማመልከት ይችላሉ። ታሪኩ ከባቢሎን ምርኮ በኋላ መቅደሱ እንደገና ስለመሠራቱ ነው፤ ሦስቱ መሪዎች ዘሩባቤልን፣ ሐጌንና ሊቀ ካህኑን ኢያሱን ይወክላሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም።

ማርክ ሜሰን ሌላው ነው። የእንግሊዙ የማርክ ግራንድ ሎጅ በ1856 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተቋቋመ፤ የሚጠይቀው ማስተር ሜሰንነት ነው። ትምህርቱ «ግንበኞች የናቁት ድንጋይ» ላይ ያጠነጥናል። እያንዳንዱ አባል የጥንት ድንጋይ ጠራቢዎች በሠሩት ድንጋይ ላይ እንደሚቀርጹት ዓይነት የራሱን ምልክት መርጦ ያስመዘግባል፤ በቀጥታ መስመሮች የተሠራች ትንሽ ምልክት ናት። የኖኅን መርከብ ታሪክ የያዘው ሮያል አርክ ማሪነር ደግሞ ማርክን ሳያልፉ አይገባም።

በስኮትላንድ ሥርዓት ቅደም ተከተሉ ይለያል፤ ሮያል አርች ለመግባት መጀመሪያ ማርክ ሊኖርዎት ይገባል። ናይሮቢ ውስጥ የእንግሊዝም የስኮትላንድም ሎጆች ስላሉ በየትኛው በኩል እንደሚሄዱ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሃይማኖትም ይወስናል። ጅማ ብዙ ሙስሊም ያለባት ከተማ ስለሆነች ይህን ማለፍ አይቻልም። ሮያል አርችና ማርክ የአባሉን ሃይማኖት አይለዩም። ናይትስ ቴምፕላር የሚባለው ኦርደር ግን በሥላሴ የሚያምን ክርስቲያን መሆንን ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ ሮያል አርች ማለፍ ግድ ነው። ስኮቲሽ ራይት በእንግሊዝ የሚታወቅበት «ሮዝ ክሯ» የሚባለው ኦርደርም ለክርስቲያን ብቻ ነው፤ ማስተር ሜሰን ከሆኑ አንድ ዓመት መሙላት አለበት። የአሜሪካው ስኮቲሽ ራይት በዚህ አይመሳሰልም፤ በ1801 እ.ኤ.አ. ቻርልስተን ላይ የተመሠረተው የደቡቡ ክፍል የየትኛውም ሃይማኖት ማስተር ሜሰን ይቀበላል።

ከሌላው ወገን ደግሞ የእርስዎ ሃይማኖት ይፈቅድልዎ እንደሆነ አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1738 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትከለክላለች፤ በ1983 እ.ኤ.አ.ም ክልከላው እንዳልተነሳ አስታውቃለች። ብዙ የእስልምና ሊቃውንትም ይቃወሙታል። ይህን ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሼክዎ ጋር፣ ከቤተሰብዎም ጋር ጨርሰው ይሂዱ፤ ከገቡ በኋላ ቤት ውስጥ የሚነሳ ጭቅጭቅ ከባድ ነው።

3. ጊዜንና ገንዘብን ያስሉ

ከጅማ ሆኖ ሲታሰብ ዓይን የሚጣልባት ናይሮቢ ናት። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ፤ ወይም በግቤ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ መሳፈር ነው። ስብሰባው በዓመት ጥቂት ጊዜ ቢሆንም ቀኑ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። ቡና ነጋዴ ከሆኑ የቀን መቁጠሪያውን ያስልኩና ስብሰባዎቹ ከቡና ለቀማው ወራት ጋር እንዳይጋጩ ይዩ።

ከትኬቱ ሌላ የመግቢያ ክፍያ፣ የዓመት መዋጮ፣ ከስብሰባ በኋላ የሚበላው እራትና አልባሳቱ አለ። እያንዳንዱ ኦርደር የራሱ ሽርጥ አለው፤ የማርኩ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ውኃ ሰማያዊና ደማቅ ቀይ ነው። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ከአንጋፋ አባል ያገለገለ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። መዋጮው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ በየዓመቱ እንዴት እንደሚከፍሉትም ከአሁኑ ያስቡበት።

4. ይጠይቁ፣ ያመልክቱ

ለሎጅዎ ጸሐፊ ይጻፉ፤ የሚፈልጉትን ኦርደር አባል ያገናኝዎታል። አንድ አቅራቢና አንድ ደጋፊ ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም እርስዎን የሚያውቁ ቢሆኑ ይሻላል። ቅጹን ሞልተው ይልካሉ፣ አባላቱ በምስጢር ድምፅ ይሰጣሉ፣ ካለፉ ቀን ይቆረጥልዎታል። በዕለቱ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ምስክር ወረቀትዎን ይዘው፣ ቀደም ብለው ይድረሱ።

በቴሌግራም «ወንድማማችነቱን ይቀላቀሉ፣ ሀብታም ይሁኑ፣ መመዝገቢያውን በቴሌብር ይላኩ» የሚል መልእክት ከመጣ አጭበርባሪ ነው። ስለ ጅማ ቅርንጫፍ ቢያወራም፣ ባለ ማህተም ደብዳቤ ቢልክም ያው ነው። እውነተኛው ወገን ሀብት ቃል አይገባም፤ ከሚያውቅዎ ሰው ሳይሰማም አይቀበልዎትም።

5. ከገቡ በኋላ

ሁለተኛውን ሳይላመዱ ሦስተኛ አይጨምሩ፤ መዋጮው ይደራረባል። መሄድ ያልቻሉበትን ስብሰባ ለጸሐፊው አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ። የሚቀርበው ምግብ ቀድሞ ስለሚቆጠር ዝም ብለው ቢቀሩ ሒሳቡ እርስዎ ላይ ሊመጣ ይችላል። ጉዞው ከበዛብዎት መዋጮውን ከፍለው በደብዳቤ ይልቀቁ። ውዝፍ ተከማችቶ የተሰረዘ አባል ለመመለስ ሲጠይቅ መጀመሪያ ዕዳውን ክፈል ይባላል።