ግፊት ላለበት ቤት፦ በርበሬው ያለ ጨው ይፈጭ

ደም ግፊት ያለበት ሰው «ጨው ቀንስ» ይባላል። ችግሩ ወጡ ላይ ጨው ባይጨመርም፣ በርበሬው፣ ሽሮውና ሚጥሚጣው ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶባቸው ነው የሚፈጩት። ምን ያህል እንደበላን ማወቅ አይቻልም።

መላው ቀላል ነው። በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ጨውን ተዉት። ወጡ ሊወጣ ሲል ብቻ በሻይ ማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ ያውም ዳቦውና የታሸገው ምግብ ተደምሮ!

ጨው ሰውነት ውስጥ ውሃ ይይዛል። በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ሲበዛ ግፊቱም ይጨምራል። መጨረሻ ላይ መጨመሩ ደግሞ የጨው አዮዲን በእሳት እንዳይባክን ይረዳል። ጣዕም ከጎደለባችሁ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ አብዙ፣ ሎሚም ጠብ አድርጉበት። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ኩላሊቱን የታመመ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ፖታሲየም ያለበትን ምትክ ጨው ሐኪሙን ሳያማክር አይጠቀም። ግፊታችሁ ቢወርድም መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።